ደህና የሚመስለው አስፋልት ለምን ይጠገናል?

ጉድጓድ የሌለው፣ መኪና ሳይንገጫገጭ የሚሄድበት፣ ከላይ ሲያዩት ምንም ያልሆነ አስፋልት ላይ ሠራተኞች ግማሽ መንገድ ዘግተው ፈሳሽ ሲረጩ፣ ወይ ደግሞ ስንጥቅ ለስንጥቅ እየተከተሉ የቀለጠ ሬንጅ ሲያፈሱ የታየ ቀን የሚሰማው አስተያየት ሁሌም አንድ ነው፦ «ይሄ መንገድ ምን ሆነ ብለው ነው? እዛ ማዶ ጉድጓዱ ጎማ እየበላ እዚህ ደህናውን ያሽሞነሙናሉ!»። ከዛ ወሬው ወደ ሙስና ይሄዳል፣ ወደ በጀት ማቃጠል ይሄዳል፣ ማንም ስለ አስፋልቱ አያነሳም።

ንዴቱ ይገባል። በየቀኑ ጉድጓድ እየዘለለ ሥራ የሚሄድ ሰው ደህና መንገድ ሲጠገን ሲያይ ቢናደድ ምን ይገርማል። ግን ብዙ ጊዜ ቁጣው የሚያርፈው ትክክለኛው ሥራ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የአስፋልትን ዕድሜ የሚያረዝመው ጥገና የሚሠራው መንገዱ ገና ደህና እያለ ብቻ ነው፤ ጉድጓዱ ከወጣ በኋላ የሚመጣው ጥገና ሥራውም ሌላ ነው ዋጋውም ሌላ ነው። ለምን እንደዛ እንደሆነ ለመረዳት አስፋልት ከውስጥ ምን እንደሚሆን ማየት ይጠይቃል።

መጀመሪያ ቃላቱን እንለያቸው

ጥገና የሚባለው ሁሉ አንድ ላይ ስለሚጨፈለቅ ነው ግማሹ ክርክር የሚፈጠረው። መደበኛ ጥገና የሚሉት ዓመቱን ሙሉ የሚሠራውን ነው፣ ቦይ መጥረግ፣ ሳር ማጨድ፣ የተዘጋ ቱቦ መክፈት፣ የወጣ ጉድጓድ መድፈን የመሳሰለውን። ወቅታዊ ጥገና ደግሞ በየተወሰነ ዓመቱ የላይኛውን ገጽ ማደስ ነው። ሪሃቢሊቴሽን ወይም መልሶ ማጠናከር የሚባለው መንገዱ የመሸከም አቅሙን ማጣት ሲጀምር ወፍራም አስፋልት የሚደረብበት ወይም የተጎዳው ንጣፍ ተነስቶ የሚተካበት ሥራ ነው። ከዛ ካለፈ መልሶ ግንባታ ነው፣ ከሥሩ ቆፍሮ እንደ አዲስ መሥራት።

ቅድመ መከላከል ጥገና ከመደበኛውም ከወቅታዊውም የተወሰነ ድርሻ አለው። መለያው ይሄ ነው፦ የመንገዱ አጥንት ገና ጤነኛ ነው፣ የሚሠራው ሥራም ለመንገዱ ተጨማሪ ጉልበት አይሰጥም፣ ያለው ጉልበት ቶሎ እንዳይሄድ ይጠብቃል። «ጉልበት አይሰጥም» የሚለውን ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን፣ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እሱ ሲረሳ ነው።

አስፋልት ሲያረጅ ምን ይሆናል

አስፋልት ብለን የምንጠራው ጥቁር ንጣፍ በክብደት ሲለካ 95 በመቶ ገደማው ጠጠር፣ አሸዋና ደቃቅ ዱቄት ነው። ሬንጁ 5 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው፣ ግን ሁሉንም አጣብቆ የያዘው እሱ ነው። ከሥሩ ደግሞ ቤዝ ኮርስ የሚባል የተፈጨ ድንጋይ ንጣፍ አለ፣ ከሱ ሥር ሰብ ቤዝ የሚባል ሌላ ደጋፊ ንጣፍ፣ ከዛ አፈሩ። መኪና ሲያልፍ ክብደቱ ከላይ ወደ ታች እየተበተነ ይወርድና አፈሩ ጋ ሲደርስ አፈሩ የሚችለው ያህል ብቻ ይሆናል፣ ዲዛይኑ የሚሠራው ለዚህ ነው። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ማለት ነው።

ሬንጅ ትኩስ ሆኖ ሲነጠፍ ለስላሳና ተለጣጭ ነው፣ ሙቀት ሲመጣ ይላወሳል፣ ብርድ ሲመጣ ይሰበሰባል፣ ጎማ ሲረግጠው ትንሽ ጎበጥ ብሎ ይመለሳል። ከጊዜ ጋር ግን ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ይጠነክራል፣ ኦክሲዴሽን የሚሉት ነው። ፀሐይና ሙቀት ያፋጥኑታል፣ ከሁሉም በላይ የሚመታው ደግሞ የላይኛው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። አዲስ አስፋልት ጥቁር ሆኖ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግራጫ የሚሆነው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፣ ጠጠሩን የሸፈነው ሬንጅ ከላይ ተበልቶ ድንጋዩ ራሱ መታየት ይጀምራል። የደረቀ ሬንጅ ደግሞ አይለጠጥም፣ ሲጎብጥ ይሰነጠቃል፣ ደቃቁ ጠጠር ከጎማ ጋር እየተነቀለ ገጹ ሻካራ ይሆናል።

እዚህ ጋ የግንባታው ጥራት ይገባል። አስፋልት ሲነጠፍ በሮለር ተጠቅጥቆም ቢሆን ውስጡ ትንሽ የአየር ክፍተት ይቀራል፣ መቅረትም አለበት። ክፍተቱ ወደ 8 በመቶ ገደማና ከዛ በላይ ሲሆን ግን ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ይገናኙና አየርም ውሃም እንደልቡ የሚመላለስበት ይሆናል። በደንብ ያልተጠቀጠቀ፣ ወይም ቀዝቅዞ ከሮለሩ ሥር የገባ አስፋልት ገና ሲወለድ አርጅቷል ማለት ይቻላል። «መንገዱ በሦስት ዓመቱ የተበላሸው ጥገና ስላጣ ሳይሆን ሲሠራም ስላልተሠራ ነው» የሚሉ ሰዎች በብዙ ቦታ እውነት አላቸው፣ ጥገና መጥፎ ግንባታን አያስተካክልም።

ውሃው የገባ ቀን

ስንጥቅ ብቻውን ብዙ አይጎዳም። ሦስት ሚሊሜትር የምታህል መስመር መኪና አታንገጫግጭም፣ ሹፌሩም አያያትም። ጉዳቱ የሚጀምረው በሷ በኩል ውሃ ሲወርድ ነው።

ውሃው ወርዶ ቤዝ ኮርሱን ያርሳል፣ የራሰ ንጣፍ ደግሞ እንደ ደረቁ አይሸከምም። አሁን ከባድ መኪና ሲመጣ ጎማው አስፋልቱን ወደ ታች ሲጫነው ከሥር የተጠራቀመው ውሃ መሄጃ ያጣና በስንጥቁ በኩል ተገፍቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣ ባዶውን አይወጣም፣ ደቃቁን አፈር ይዞ ይወጣል። ዝናብ ካባራ በኋላ ስንጥቅ ዳር ዳሩን ቡናማ ወይም ነጣ ያለ ጭቃ መሰል እድፍ ካያችሁ እሱ ነው፣ መንገዱ ከሥሩ እየተቦረቦረ ነው ማለት ነው። ባለሙያዎቹ ፓምፒንግ ይሉታል፣ ስሙም ልክ ነው፣ እያንዳንዱ ጎማ እንደ ፓምፕ ከሥር ይመጥጣል። ከዛ አስፋልቱ ከሥሩ ባዶ ይሆናል፣ ደጋፊ ያጣው ንጣፍ በትንንሹ እየተሰባበረ እርስ በርሱ የተያያዘ ስንጥቅ ያወጣል፣ የአዞ ቆዳ የሚሉት። ከነዚህ ቁርጥራጮች አንዱ ተነቅሎ ሲሄድ ጉድጓድ ተወለደ። ሰው «ትላንት ያልነበረ ጉድጓድ ዛሬ ወጣ» የሚለው ለዚህ ነው፤ የወጣው ዛሬ ነው፣ የተቆፈረው ግን ከወራት በፊት ነው፣ ከታች ወደ ላይ።

ሌላም መንገድ አለው። ውሃ በሬንጁና በጠጠሩ መሃል ገብቶ ሁለቱን ያላቅቃቸዋል፣ ስትሪፒንግ ይባላል፣ በተለይ አንዳንድ የድንጋይ ዓይነቶች ከሬንጅ ይልቅ ውሃን ስለሚወዱ ቶሎ ይለቃሉ። እና ውሃ ከላይ በስንጥቅ ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ ከጎንም ይመጣል። ቦይ በቆሻሻና በደለል ሲሞላ ውሃው ቦዩ ውስጥ ይቆምና በጎን ወደ መንገዱ ሆድ ይሰርጋል። የመንገዱ ዳር ትከሻ ላይ ሳርና አፈር ተከምሮ ከአስፋልቱ በላይ ከፍ ሲል ደግሞ ለውሃ ማፍሰሻ ተብሎ ከመሃል ወደ ዳር 2 ወይም 2.5 በመቶ የተሰጠው ተዳፋት ምንም አይጠቅምም፣ ውሃው ዳር ደርሶ ይታገዳል፣ እዛው ይተኛል። ስለዚህ የአስፋልት ጥገና ከሚባለው ውስጥ በጣም ርካሹና ብዙ ጊዜ በጣም ውጤታማው አስፋልት የማይነካው ሥራ ነው፣ አካፋ ይዞ ቦይ መጥረግ።

ጭነቱስ?

«ጥገና ምን ያደርጋል፣ መንገዱን የሚጨርሰው ከባድ መኪና ነው» የሚለው ክርክር ትልቅ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ኦታዋ ከተማ አጠገብ አንድ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር፣ የተለያየ ውፍረት ያላቸው መንገዶች በቀለበት ቅርጽ ተሠርተው የተለያየ ጭነት የያዙ መኪኖች ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተመላለሱባቸው። ከዛ የወጣው ግንኙነት እስካሁን የመንገድ ዲዛይን መነሻ ነው፣ የአራተኛው ፓወር ሕግ ይባላል፦ አንድ አክስል፣ ማለትም የጎማዎቹ ተሸካሚ ዘንግ፣ በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከክብደቱ አራተኛ ፓወር (ክብደቱ × ክብደቱ × ክብደቱ × ክብደቱ) ጋር በግምት ተመጣጣኝ ነው።

በቁጥር ስታዩት ያስደነግጣል። አክስሉ ላይ 20 በመቶ ትርፍ የጫነ መኪና ጉዳቱ 20 በመቶ አይጨምርም፣ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ጭነቱን እጥፍ ያደረገ 16 ጊዜ ይጎዳል። ግማሽ ቶን የሚያርፍበት የቤት መኪና አክስልና 10 ቶን የያዘ የጭነት መኪና አክስል ቢወዳደሩ ልዩነቱ 160 ሺህ እጥፍ ይደርሳል፣ ስለዚህ የቤት መኪና በአስፋልት ጉልበት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የለም ብሎ መውሰድ ይቻላል። በርግጥ ቁጥሩ እንደ ንጣፉ ዓይነትና እንደ አፈሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ድርቅ ያለ ሕግ አድርጎ መያዝ ልክ አይደለም። አቅጣጫው ግን አከራካሪ አይደለም።

እና ከዚህ ምን እንረዳ? ሚዛን ጣቢያ ላይ ትርፍ ጭነት መከልከል ራሱ የቅድመ መከላከል ጥገና ነው፣ ምናልባትም ትልቁ። ሁለቱ ተያያዥም ናቸው፦ ደረቅ መንገድ ላይ የሚያልፍ ከባድ መኪናና ሆዱ በውሃ የራሰ መንገድ ላይ የሚያልፍ ያው መኪና የሚያደርሱት ጉዳት በፍጹም አይገናኝም። በዝናብ ወቅት ጥቂት ሳምንት ውስጥ የሚደርሰው ጉዳት የደረቁን ወቅት ሁሉ ሊበልጥ ይችላል።

ጊዜው ለምን ይህን ያህል ይወስናል

መንገድ ምን ያህል ደህና እንደሆነ በግምት አይነገርም፣ መለኪያ አለው። አንዱ ፔቭመንት ኮንዲሽን ኢንዴክስ ነው፣ የአሜሪካ ጦር የምህንድስና ክፍል ያዘጋጀው፣ የስንጥቁን፣ የጉድጓዱን፣ የጎማ ዱካ ሰርጎ የሚሠራውን ቦይ ዓይነትና ብዛት ቆጥሮ ለመንገዱ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል። ሌላው ዓለም አቀፍ የሻካራነት መለኪያ ነው፣ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1982 ብራዚል ላይ ካካሄደው ሙከራ የመጣ፣ መኪናው በአንድ ኪሎሜትር ውስጥ ስንት ሜትር ያህል ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚናጥ የሚናገር።

እነዚህን ነጥቦች በዓመታት ላይ ብትስሏቸው ቁልቁል የሚወርድ መስመር ይወጣል፣ ግን እኩል አይወርድም። በመንገድ ማኔጅመንት ትምህርት ሁሌ የሚሳለው ሥዕል እንዲህ ይላል፦ መንገዱ የዕድሜውን 75 በመቶ ሲጨርስ ጥራቱ የሚወርደው 40 በመቶ ያህል ብቻ ነው፣ ቀጥሎ ባለው 12 በመቶ ዕድሜ ግን ሌላ 40 በመቶ ይወድቃል። ቁጥሮቹ ማሳያ ናቸው፣ እያንዳንዱ መንገድ የራሱ ቁልቁለት አለው፣ ቅርጹ ግን ከላይ ካየነው የውሃ ታሪክ ጋር ይገጥማል፦ ስንጥቁ ገና ከላይ ብቻ እያለ ነገሩ ቀስ ይላል፣ ውሃ ሥሩ ከደረሰ በኋላ ግን ይሮጣል።

ለዚህ ነው ዓይን የሚያታልለን። መንገዱ ለረጅም ዓመት ደህና ስለሚመስል «ገና ነው» እንላለን፣ መጥፎ መስሎ የታየን ጊዜ ደግሞ ርካሹ ጥገና አልፎበታል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለአስፋልት ጊዜው የተወሰነ ነገር ነው ለማለት ይቻላል፣ ቅጠሉ የሚሠራበት ጥቂት ዓመት ብቻ ነው።

ሥራው ሲሠራ ምን ይመስላል

ስንጥቅ መዝጋትን ጠጋ ብለን እንይ፣ ቀላል ስለሚመስል ነው በብዛት የሚበላሸው። ዝም ብሎ ሬንጅ ማንቆርቆር አይደለም። ወደ ፊት የሚሰፋና የሚጠብ ስንጥቅ ከሆነ መጀመሪያ በትንሽ መቁረጫ ማሽን መስመሩን ተከትሎ እኩል ስፋት ያለው ጎድጓዳ ይወጣለታል፣ ይህ ለሬንጁ መቀመጫ ይሆነዋል። ከዛ በታመቀ አየር ይነፋል፣ አቧራ ላይ የፈሰሰ ሬንጅ አቧራውን እንጂ አስፋልቱን አይዝም። እርጥበት ካለ በጋለ አየር ይደርቃል። የሚፈሰውም ተራ ሬንጅ ሳይሆን ፖሊመር ወይም ጎማ የተቀላቀለበት፣ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሞቀ ማሸጊያ ነው፣ ከልክ በላይ ከሞቀ መለጠጡ ይጠፋና በመጀመሪያው ብርድ ራሱ ይሰነጠቃል። ወቅቱም ይመረጣል፣ ስንጥቅ በሙቀት ይጠባል በብርድ ይሰፋል፣ ስለዚህ መሃል ላይ ያለበት ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቀን ነው ጥሩው። ይህን ሁሉ አሟልቶ የተሠራ ስንጥቅ ዓመታት ይቆያል። በባልዲ የተንቆረቆረው ግን በቀጣዩ ዝናብ ጎማ ላይ ተለጥፎ ይሄዳል፣ ሰውም «ምን ዋጋ አለው» ይላል፣ እውነቱን ነው።

ሌላው ብዙ ጥርጣሬ የሚያነሳው የሚረጨው ፈሳሽ ነው። ሲረጭ ጥቁር አይደለም፣ ቡናማ ነው፣ ውሃ ውሃ ይላል። «ሬንጁን በውሃ አቅጥነው ሰረቁ» የሚል ሐሜት የሚነሳው እዚህ ጋ ነው። ይህ ኢሙልሽን ይባላል፣ ሬንጁ በጣም ደቃቅ ጠብታ ሆኖ ውሃ ውስጥ የተበተነበት፣ እንዳይሰበሰብ የሚያደርግ ኬሚካል የተጨመረበት ነው። ውሃው ማጓጓዣ ነው፣ ያለ ብዙ ሙቀት ለመርጨት ያስችላል። መንገዱ ላይ ካረፈ በኋላ ጠብታዎቹ ተሰብስበው ይያያዛሉ፣ ውሃው ይለያል፣ ቀለሙም ከቡናማ ወደ ጥቁር ይቀየራል፣ ይህ ሲሆን ኢሙልሽኑ «ሰበረ» ይባላል። ቡናማ እያለ መኪና ከገባበት ተበላሸ፣ ዝናብ ከመታው ታጥቦ ሄደ። ስለዚህ መንገዱ ተዘግቶ የሚጠበቀው አለምክንያት አይደለም። የውሃው መጠን ከልክ አለማለፉ ደግሞ በላብራቶሪ የሚታወቅ ነገር ነው፣ የሚጠራጠር ሰው መጠየቅ ያለበት የቀለሙን ነገር ሳይሆን የምርመራ ውጤቱን ነው።

ይህ ፈሳሽ ብቻውን ስስ ሆኖ ሲረጭ «ፎግ ሲል» ይባላል («ሲል» ማሸጊያ ማለት ነው)፣ የደረቀውን ገጽ ያድሳል፣ የሚቆየው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ነው። ከደቃቅ ጠጠር ጋር እንደ ሊጥ ተቦክቶ ሲነጠፍ «ስለሪ ሲል»፣ ሬንጁ በፖሊመር ተጠናክሮ በአንድ ሰዓት ገደማ ለትራፊክ የሚከፈተው ዓይነት ደግሞ ማይክሮሰርፌሲንግ ይባላል፣ ይሄኛው ጥልቀቱ ያልበዛ የጎማ ቦይንም ይሞላል። ቺፕ ሲል የሚባለው ሬንጅ ተረጭቶ ላዩ ላይ ጠጠር በትኖ በሮለር መዳመጥ ነው፣ ውሃን በመከልከል በኩል ጎበዝ ነው፣ ግን ድምፁ ይረብሻል፣ መጀመሪያ ሰሞንም ልቅ ጠጠር የመኪና መስታወት ይመታል፣ ትራፊክ በቀስታ ካልተነዳ ቅሬታው ብዙ ነው። ከ40 ሚሊሜትር በታች የሆነ ስስ አስፋልት መደረብ ከሁሉም ውዱ፣ ብዙ ጊዜም ረጅም የሚቆየው ነው።

አንድ በተግባር የታየ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ በአሜሪካና በካናዳ በብዙ ቦታ ስስ ድርብ አስፋልት፣ ቺፕ ሲል፣ ስለሪ ሲልና ስንጥቅ መዝጋት ጎን ለጎን ተሠርተው፣ ምንም ያልተሠራበት ክፍልም አብሮ ተትቶ ለዓመታት ክትትል ተደረገባቸው። ከወጡት ውጤቶች አንዱ፣ ሥራው ሲሠራ መንገዱ የነበረበት ሁኔታ ውጤቱን በጣም እንደሚወስነው ነው፣ ደህና እያሉ የተሠሩት ቆዩ፣ ተጎድተው የተሠሩት ቶሎ ወደቁ።

«የባሰው ይቅደም» ወይስ «ደህናው ይጠበቅ»

አሁን ወደ መጀመሪያው ቁጣ እንመለስ። በጀት ሁሌም ከፍላጎት ያነሰ ነው፣ እና ሁለት አመለካከት አለ።

አንደኛው የባሰው ይቅደም ይላል። በፍትህ ዓይን ሲታይ ጠንካራ ሐሳብ ነው፣ በተበላሸ መንገድ የሚኖር ሰው ግብር ከፍሏል፣ አምቡላንስ ይፈልጋል፣ ዕቃ ያመላልሳል፣ «ቆይ መጀመሪያ የነሱን ደህና መንገድ እንጠብቅ» ቢባል እንዴት ብሎ ይቀበላል?

ሁለተኛው ሒሳቡን ያያል። 1000 ኪሎሜትር መንገድ ያለው መሥሪያ ቤት እናስብ። እያንዳንዱ ኪሎሜትር በየዓመቱ አንድ ዓመት ያረጃል፣ ስለዚህ መረቡ በጠቅላላው በዓመት 1000 የኪሎሜትር ዓመት ዕድሜ ያጣል። በጀቱ በዓመት 20 ኪሎሜትር መልሶ ለመገንባት ይበቃል እንበል፣ እያንዳንዱም 20 ዓመት ዕድሜ ያገኛል፣ የተጨመረው 400 ነው፣ የጠፋው 1000፣ ጉድለቱ 600። አሁን ከበጀቱ ግማሹ 10 ኪሎሜትር ይገንባ፣ 200 ይጨምራል፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ አንድ ኪሎሜትር በሚገነባበት ገንዘብ 10 ኪሎሜትር ገጽ ይታደሳል ብለን ብንይዝ 100 ኪሎሜትር ደህና መንገድ ያድሳል፣ እያንዳንዱ 5 ዓመት ቢያተርፍ 500፣ በድምሩ 700። ጉድለቱ ከ600 ወደ 300 ወረደ፣ በዛው ገንዘብ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የያዝኳቸው ናቸው፣ ግን ሁለት ነገር ያሳያሉ፦ የባሰውን ብቻ የሚያሳድድ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ከጠገነው የሚበልጥ አዲስ የተበላሸ መንገድ እያፈራ ይሄዳል፣ ጥበቃው ግን ብቻውን ጉድለቱን አይዘጋውም።

በኔ ግምት ሁለቱን እንደ ጠላት ማቆም ነው ስህተቱ። የተበላሸው መንገድ አንዴ ሥሩ ከሄደ በኋላ ዘንድሮም ተሠራ ከርሞ፣ ወጪው ያን ያህል አይለወጥም፤ ደህናው ግን ዘንድሮ ካለፈው ከርሞ ሌላ ዋጋ ነው። ስለዚህ የተወሰነ በጀት ለጥበቃ ተለይቶ ማንም እንዳይነካው ማድረግ፣ ቀሪውን ደግሞ ሰው በብዛት ለሚጠቀምበት የተበላሸ መንገድ ማዋል፣ እስኪደርሰው ድረስም ያንን መንገድ ቢያንስ ማስኬድ የሚያስችል የጉድጓድ ድፈና አለመንፈግ ይቻላል። ሕዝቡም የትኛው መንገድ ለምን እንደተመረጠ ቢነገረው ግማሹ ንዴት ይቀንስ ነበር።

ሦስተኛም አለ፣ «ከመጀመሪያው ወፍራም አድርጎ መሥራት ወይም በኮንክሪት መሥራት ነው» የሚል። ወፍራም አስፋልት እውነትም ከሥሩ አይሰነጠቅም፣ ስንጥቁ ከላይ ብቻ ይቀራል፣ በየጊዜው ላዩን ብቻ እያነሱ ማደስ ይቻላል። ግን ይህ ራሱ ያ እድሳት ይሠራል ብሎ ነው የሚነሳው። ኮንክሪትም መጋጠሚያዎቹ በየጊዜው ካልታሸጉ ውሃው በነሱ ይወርዳል።

የማይሠራበት ቦታ

ቅድም «ጉልበት አይሰጥም» ያልነው እዚህ ጋ ይመጣል። የአዞ ቆዳ የሆነ መንገድ ላይ ስለሪ ማልበስ ገንዘብ መጣል ነው። ከሥር ደጋፊ የለም፣ ስሱ ልባስ ከነስንጥቁ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይሰነጠቃል፣ በዛ ላይ ጉዳቱን ለጊዜው ሸፍኖ ገምጋሚውን ያሳስታል። ሕዝቡ «ቀለም ቀብተው ሄዱ» የሚለው እንዲህ ያለው ሲሠራ ነው፣ ያኔ ቁጣው ቦታውን አግኝቷል።

ውስጡ እርጥብ የሆነ መንገድን ከላይ ማሸግም አደጋ አለው፣ ውሃው መውጫ አጥቶ ሬንጁን ከጠጠሩ እያላቀቀ ይቆያል። መጀመሪያ ቦዩ፣ ከዛ ገጹ። የልባሱ ዕድሜ ደግሞ ከመንገዱ ተጨማሪ ዕድሜ ጋር አንድ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት፣ ስድስት ዓመት የቆየ ቺፕ ሲል መንገዱን የግድ ስድስት ዓመት አራዘመ ማለት አይደለም፣ ሪፖርት ላይ ሁለቱ ሲምታቱ ትርፉ ያለአግባብ ያብጣል። እና አዲስ ገጽ ለብሶ ሳይከርም ለውሃ ቱቦ ወይም ለኬብል ተብሎ የሚቆፈር መንገድ ሁሉንም ሒሳብ ያፈርሳል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ምንም ቢደፈን ዙሪያው የላላ ሆኖ ይቀራል፣ ውሃም በሱ ይገባል። የሚቆፍሩት ከሚያለብሱት ጋር የዓመት ዕቅድ ካልተለዋወጡ ጥገናው ምንም ጥሩ ቢሆን ትርጉም የለውም።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ለምን አይደረግም

ዕውቀቱ አዲስ አይደለም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የዓለም ልማት ሪፖርት አፍሪካ ውስጥ ከሪፖርቱ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት 12 ቢሊዮን ዶላር በጊዜው ለጥገና ወጥቶ ቢሆን ኖሮ 45 ቢሊዮን ዶላር የመልሶ ግንባታ ወጪ ይድን እንደነበር አስቀምጧል።

ምክንያቱ ከምህንድስና ውጪ ነው። አዲስ መንገድ ሪባን ይቆረጥለታል፣ የተጠረገ ቦይ አይቆረጥለትም። ጥገና የቀረበት ዓመት ማንም ምንም አያይም፣ ኪሳራው የሚታየው ከአምስት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፣ ያኔ የወሰነው ሰው ወንበሩ ላይ የለም። የአዲስ ግንባታ ገንዘብ ብዙ ጊዜ በብድርና በእርዳታ ይገኛል፣ የጥገናው ግን ከዓመታዊ በጀት ነው፣ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰውም እሱ ነው። ብዙ አገሮች ለዚህ ብለው የመንገድ ፈንድ አቋቁመዋል፣ ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ ገንዘብ ለጥገና ብቻ እንዲውል። ይረዳል፣ ገንዘቡ ሌላ ቦታ እስካልተወሰደ ድረስ።

ሌላው የተሞከረው የኮንትራቱን ዓይነት መቀየር ነው። በተለመደው ኮንትራክተሩ በሠራው መጠን ይከፈለዋል፣ ብዙ ጉድጓድ የደፈነ ብዙ ያገኛል። በውጤት ላይ በተመሠረተው ግን ለዓመታት አንድ መንገድ ይረከብና መንገዱ በተስማሙበት ደረጃ ላይ ከተገኘ ነው የሚከፈለው፣ ጉድጓድ ከወጣ ይቀጣል። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በስፋት ሄዳበታለች። ጥቅሙ ግልጽ ነው፣ ኮንትራክተሩ ራሱ ስንጥቅ ፈልጎ እንዲዘጋ ያደርገዋል። ጉዳቱ ደግሞ ተቆጣጣሪው ደካማ ከሆነ የሚለካው ሳይለካ ክፍያው እንዲሁ ይሄዳል። መንገዱን ከርቀት በፋይል የሚገመግም መሥሪያ ቤት በየትኛውም ኮንትራት አይድንም።

ዝናብ ካባራ በኋላ ያለችው ጊዜ

መገምገም ሲባል የግድ ሌዘር የተገጠመለት መኪና አይደለም፣ ካለ ጥሩ ነው። ስንጥቅ ለመፈለግ ከሁሉም የሚሻለው ሰዓት ዝናብ አቁሞ አስፋልቱ መድረቅ የጀመረበት ነው። ገጹ ደርቆ ግራጫ ሲሆን ስንጥቁ ውስጥ የገባው ውሃ ቶሎ አይደርቅም፣ ስለዚህ በደረቅ ጊዜ ዓይን የማያያት ፀጉር የምታህል መስመር ጥቁር ሆና ትወጣለች፣ ሙሉ ካርታው መሬት ላይ የተሳለ ይመስላል። መስመሮቹ ነጠላ ነጠላ ከሆኑ፣ ረዘም ብለው የሚሄዱ ወይም መንገዱን አቋርጠው የሚያልፉ ከሆኑ፣ የስንጥቅ መዝጊያው ጊዜ ነው፣ መንገዱ ከደረቀ በኋላ ከሚቀጥለው የዝናብ ወቅት በፊት። መስመሮቹ የጎማ ዱካው ላይ እርስ በርስ መገናኘት ከጀመሩና ዳራቸው ላይ ያ ቡናማ እድፍ ካለ ግን ያ ቦታ ተቆርጦ ከነቤዝ ኮርሱ መውጣት አለበት፣ ቀሪው ገጽ የሚለብሰው ከዛ በኋላ ነው። ቦዩ ውስጥ ውሃ ቆሞ ከሆነ ደግሞ ሬንጁ ከመሞቁ በፊት አካፋው ይቀድማል።